የደላላው ገቢ ስንት ነው?

አንድ ደላላ የ10 ሚሊዮን ብር ቤት አሻሽጦ 200 ሺህ ብር ኮሚሽን ተቀበለ እንበል። ማታ ገብቶ «ዛሬ 10 ሚሊዮን ብር ገቢ አገኘሁ» ቢል ሚስቱም አታምነውም። ይህንኑ አንድ የኢንተርኔት ኩባንያ በዶላርና በሚያምር ሰንጠረዥ ሲነግረን ግን እናጨበጭባለን።

ግሩፖንን ውሰዱ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተ የቅናሽ ኩፖን ሻጭ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። 100 ዶላር የሚያወጣ የምግብ ቤት ግብዣ በ50 ዶላር ይሸጣል፤ ከ50ው ግማሽ ያህሉን ለምግብ ቤቱ ይሰጣል፤ የቀረው የእሱ ነው። በ2011 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሰነድ ሲያስገባ ግን 50ውን በሙሉ «ገቢዬ» ብሎ ጻፈው። በዚህ ስሌት የ2010 ገቢው 713 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። የአሜሪካው የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰነዱን መመርመር ከጀመረ በኋላ ቁጥሩ ተስተካክሎ ወደ 313 ሚሊዮን ወረደ። ከግማሽ በላዩ የነጋዴዎቹ ገንዘብ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ኩባንያው አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ያፈሰሰውን የማስታወቂያ ወጪና ሌሎች ወጪዎችን ቀንሶ የራሱን የትርፍ መለኪያ ፈጠረ። በዚያ መለኪያ 2010 የ60 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ዓመት ነበር። በተለመደው ሒሳብ ግን ያው ዓመት የ420 ሚሊዮን ዶላር የሥራ ኪሳራ አለው። የጤፉን ዋጋ ሳይቆጥሩ እንጀራ ሸጬ አተረፍኩ እንደማለት ነው።

«ዕድገቱ እኮ እውነት ነበር» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነበር። ነገር ግን በማስታወቂያ የተገዛ ዕድገት ማስታወቂያው ሲቀንስ ምን ይሆናል? የአክሲዮኑ ዋጋ የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ከፊት የቀረበው መለኪያ ይህንኑ ወጪ ያስወጣ ነበር።

ወንጀል ነው እያልኩ አይደለም። ልብ በሉ፣ ኪሳራውም ወጪውም እዚያው ሰነድ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ከሽያጩ በፊት ከትልልቅ ባለሀብቶች ከተሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛው ለሥራ ማስፋፊያ ሳይሆን የነባር ባለድርሻዎችን አክሲዮን ለመግዛት መዋሉም ተጽፏል። ቤቱን ከውስጥ የሚያውቁት እየሸጡ ነበር።

ገዢው ግን አልጠፋም። ኖቬምበር 2011 አክሲዮኑ በ20 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በመጀመሪያው ቀን ከ26 ዶላር በላይ ዘጋ። በማርች 2012 ኩባንያው ለደንበኛ ተመላሽ የሚሆን በቂ ገንዘብ አለመያዙን አምኖ የመጨረሻውን ሩብ ዓመት ገቢ በ14 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ። ገበያ በገባ በዓመቱ ዋጋው ከ3 ዶላር በታች ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። የእኛም የሰነደ መዋለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል። አክሲዮን በቴሌብር የሚገዛበት ዘመን ላይ ነን። ነገ «በዓመት እጥፍ አደግን» የሚል መተግበሪያ ወይም የገበያ ድረ ገጽ ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን ይዞ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ገቢ ያለው ገንዘብ የማን ነው? ከትርፉ ስሌት የወጣው ወጪ የትኛው ነው? አሁን እየሸጠ ያለው ማን ነው?

መልሱ ብዙ ጊዜ ሰነዱ ውስጥ አለ። ያላነበበ ሰው ግን ዕድገቱን ሳይሆን ወሬውን ነው የሚገዛው።