የሞተርህ ሰንሰለት እንደ ክራር ሲወጠር…

ይህ አምድ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ልብ ነገር ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ኩርፊያ… ዛሬ ግን ከወደ ጅጅጋ የደረሰን ደብዳቤ ስለ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት ነው። «ደግሞ ይሄ ምን አገባው?» እንዳትሉ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ያው የልብ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጸሐፊው ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም፤ እኛም አናወጣውም። አሳጥረን እነሆ፦

«የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ትምህርት ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ሥራ ፈትቼ ቁጭ ብዬ ነበር። ሆዮ (እናቴን ነው) ፍየሎቿን ሸጣ፣ የጎደለውን ከዕቁብ ሞልታ ያገለገለች ሞተር ገዛችልኝ። ከጅጅጋ ቶጎ ውጫሌ፣ ከጅጅጋ ቀብሪበያህ ዕቃ አደርሳለሁ። ሰንሰለቷ ስትላላ ቻክ ቻክ የሚል ድምፅ አላት፤ ሰፈር ውስጥ ሳልፍ ልጆቹ ይስቁብኛል። ስለዚህ በየሳምንቱ እኔው ራሴ ጥብቅ አድርጌ እወጥራታለሁ።

«ከአራት ወር በፊት ሆዮን ከኋላዬ፣ ግማሽ ኩንታል ሩዝ ከፊቴ አድርጌ አውበሬ ያለችው አክስቴ ዘንድ ስንሄድ ሰንሰለቷ ተበጠሰችና የኋላው ጎማ ቀጥ አለ። ወደቅን። አላህ ነው ያተረፈን። የሆዮ እጅ ግን ተሰበረ። አሁን ጀሶው ተፈቷል፤ ድናለች። ሞተሯ ላይ ግን ‹ሞቼ ነው የምወጣው› ብላለች። እኔን አልተቆጣችኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ። ሰው ሲጠይቃት ‹መንገዱ ነው› ትላለች። መንገዱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። እንዴት አድርጌ ላሳምናት?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትህን ስለማሳመን ወደ በኋላ እንመጣለን። መጀመሪያ ግን ነገሩን ሳናድበሰብስ እንነጋገር። ከጻፍከው እንደተረዳሁት አንተን የጣለህ የላላ ሰንሰለት ሳይሆን የተወጠረ ሰንሰለት ነው።

እንዳይከፋህ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለአንድ ዓመት ያህል ሞተር ላይ ዕቃ አደርስ ነበር። ጠበቅ ያለ ነገር ሁሉ ጠንካራ ይመስለኝ ነበርና ሰንሰለቴን እንደ ክራር አውታር ወጥሬ፣ በጣቴ መታ መታ አድርጌ እኮራበት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የኋላው ጎማ ኩሽኔታ ተበላ፣ ጥርሱ ሾለ፣ ሰንሰለቱም አለቀ። የአንድ ወር ገቢዬን መካኒኩ ተቀበለኝ። አንተ ግን የከፈልከው ከእኔ በለጠ።

ለምን ላላ ይላል?

ዛሬ በየሞተሩ የምናየው ባለ ቀለበት ሰንሰለት የተፈለሰፈው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። ሠሪው ሃንስ ሬኖልድ የሚባል፣ ስዊዘርላንድ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረ ሰው ነበር። አሠራሩ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። ፊት ያለው ትንሹ ጥርስ ይጎትታል፣ ኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ ይጎተታል።

ችግሩ ኋላው ጎማ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለመሆኑ ነው። ጉድጓድ ሲመታ፣ ሰው ሲጫንበት፣ ጎማውን የያዘው ሹካ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። በዚህ ጊዜ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ያለው ርቀት ይለወጣል። ጭነት ሲበዛ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይወጠራል። ባዶዋን ሞተር ቤት አቁመህ ጥብቅ ያደረግከው ሰንሰለት፣ እናትህና ግማሽ ኩንታል ሩዝ ሲጨመሩበት መሄጃ ያጣል። ከዚያ ወይ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ወይ የማርሹን ዘንግ ይጎዳል፣ ወይ ደግሞ ይበጠሳል። የተበጠሰ ሰንሰለት ጥርሱ ላይ ከተጠቀለለ ጎማው ቀጥ ይላል። የደረሰባችሁ ይኸው ነው።

ታዲያ «ይላላ» ማለቴ አይደለም። በጣም የላላ ደግሞ ከጥርሱ ይወጣል። ከሐረር በባቢሌ አድርጎ ወደ ጅጅጋ የሚመጣ ሰው ይህን በደንብ ያስብበት። ካራማራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የ1970 ዓ.ም.ን ጦርነት ነው። ለሞተረኛ ግን ካራማራ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ይዘህ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ያግዝሃል። ሰንሰለቱ ከወጣ ግን ማርሽ የሚባል ነገር የለም፤ የቀረህ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ልኩ ነው።

እቤትህ፣ በራስህ እጅ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት። ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ሰንሰለቱ እየተሽከረከረ በጨርቅ የሚያጸዳ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ጨርቁ ከተያዘ ጣት ይከተላል። ጣት ደግሞ መለዋወጫ የለውም!

አሁን ሞተሯን ደልዳላ ቦታ ላይ በሁለት እግሩ መቆሚያ አቁማትና ማርሹን ዜሮ አድርግ። በሁለቱ ጥርሶች መሃል፣ የታችኛውን ሰንሰለት በጣትህ ወደ ላይ ግፋው፣ ከዚያ ወደ ታች ሳበው። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ የሚጫወትበትን በማስመሪያ ለካ። ለዕቃና ለሰው ማመላለሻ በምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች ልኩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ለገጠር መንገድ የተሠሩ ቁመተ ረጃጅሞቹ ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ። የሞተሯ መጽሐፍ ወይም ሹካው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ እሱን እመን፤ እኔንም ሆነ የሰፈርህን መካኒክ አትመን።

አንድ ቦታ ብቻ ለክተህ አትተው። ጎማውን በእጅህ ትንሽ ትንሽ እያዞርክ አራት ቦታ ለካ። ሰንሰለት እኩል አያልቅም፤ አንዱ ጋ ጠበቅ፣ ሌላው ጋ ላላ ይላል። ልኩን የምትይዘው በጣም ጠበቅ ባለበት ቦታ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ማስተካከል ካስፈለገ፦

አንደኛ፣ የኋላውን ጎማ የያዘውን የፔርኖውን ዳዶ በቁልፍ አላላው። ዳዶው ላይ የተሰካ ሽቦ ካለ መጀመሪያ አውጣው። ፍሬኑ ከበሮ ከሆነ ከሹካው ጋር የሚያያዘውን ብረት ብሎንም አላላ።

ሁለተኛ፣ በግራም በቀኝም ሹካው ጫፍ ላይ መወጠሪያ ብሎኖች አሉ። ሁለቱንም እኩል፣ በሩብ ዙር በሩብ ዙር አዙር። አንዱን ሩብ ካዞርክ ሌላውንም ሩብ። ሹካው ላይ የተቀረጹትን ሰረዞች ተመልከት፤ ግራው ሦስተኛው ሰረዝ ላይ ከሆነ ቀኙም እዚያው ይሁን። ካልሆነ ጎማው ጠማማ ይሄዳል፣ ጥርሱም በአንድ ጎኑ ይበላል። ለማላላት ከሆነ ደግሞ ብሎኖቹን መልሰህ ጎማውን ወደ ፊት ግፋው።

ሦስተኛ፣ የፔርኖውን ዳዶ በደንብ አጥብቅና እንደገና ለካ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ጎማው ትንሽ ስለሚነቃነቅ ልኩ ይለወጣል። ያወጣኸውን ሽቦና ያላላኸውን የፍሬን ብሎን መመለስ እንዳትረሳ።

አራተኛ፣ የኋላ ፍሬንህን ፈትሽ። ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ከበሮ ፍሬን ይወጠራል። ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ጎማውን በእጅህ አዙረው፤ ከተያዘ ፍሬኑን አላላው። የኋላ መብራቱም ፍሬን ስትረግጥ መብራቱን እይ።

አምስተኛው መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነው። ሞተሯን በጎማዋ አቁመህ፣ የምትጭነውን ያህል ሰው አስቀምጥባትና ሰንሰለቱን በጣትህ ንካው። አሁንም ትንሽ መጫወት አለበት። ካልተጫወተ አጥብቀሃል።

የጅጅጋ አቧራ

አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሜዳው ላይ ንፋስ ሲነሳ አቧራው ሻይ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱ ልጆች አሉ። ዘይቱ አቧራውን ይይዛል፣ አቧራውም ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ሰንሰለቱን ቀን ከሌት ይፍቀዋል። ይልቅ በነጭ ጋዝ በተነከረ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳው። ቤንዚን አትጠቀም፤ እሳትም ነው፣ ላስቲክ ያላቸውን ሰንሰለቶችም ያበላሻል። ከዚያ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በስሱ ቀብተህ የተረፈውን በጨርቅ ጥረግ። ይህን በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ ከበዛ ደግሞ በየሳምንቱ አድርግ።

ሰንሰለቱ እንዳለቀ በምን ታውቃለህ? ትልቁ ጥርስ ላይ ከኋላ በኩል ይዘህ ሳበው። ከግማሽ ጥርስ በላይ ብርሃን ካየህ በቃ፣ አልቋል። በሜትር ከሆነ፣ የብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ሰንሰለት 428 የሚባለው ነው። እሱን ወጠር አድርገህ 21 ፒን ቁጠር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፒን አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ካለፈ ጣለው። የሾለ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥርስ ካየህ ሰንሰለቱን ብቻ አትቀይር፤ ሁለቱንም ጥርሶች አብረህ ቀይር። አሮጌ ጥርስ አዲስ ሰንሰለት ይበላል። ማያያዣዋን ትንሽ ቅንጥብ ስታስገባ ደግሞ የተዘጋው አፏ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ ከተማው ውስጥ የሚርመሰመሱት ባለ ሦስት እግር ባጃጆች ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስዱት በዘንግ ነው። ስለዚህ የባጃጅ ሹፌር ጓደኛህ ስለ ሰንሰለት ቢመክርህ አመስግነህ እለፍ።

የሰንሰለት መሸፈኛውስ?

አንድ ነገር አልጻፍክልኝም፤ እኔ ግን ልጠይቅህ። መሸፈኛው አለ? ብዙ ልጆች ለማማር ብለው ወይም ለማጽዳት እንዲመች ፈትተው ይጥሉታል። እናትህ፣ እህትህ፣ ነገ ደግሞ እጮኛህ ከኋላህ የምትቀመጠው ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ጅልባብ ጥላ ነው። የጨርቁ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ ወይም ራጂ ውስጥ ከገባ ሰውየዋን ይዞ ይጎትታል። መሸፈኛውን መልስ። ከመነሳትህ በፊት ዞር ብለህ «ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርጊ» ማለት ነውር አይደለም። ሄልሜትም ሁለት ይሁን። አንድ ብቻ ካለ ለእሷ።

አሁን ወደ ሆዮ

«እንዴት ላሳምናት» ብለሃል። ወንድሜ፣ አታሳምናት። እናትህ «መንገዱ ነው» የምትለው መንገዱ መስሏት አይመስለኝም። ያንተን ስም እየጠበቀች ነው። አራት ወር ሙሉ ላንተ ብላ የያዘችውን ነገር አንተ ልታወርድላት ይገባል። ሻይ አፍልተህ፣ አጠገቧ ቁጭ ብለህ «ሆዮ፣ መንገዱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አላውቅም ነበር፤ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» በላት። ይህን ሳትል ሞተር ላይ ውጪ ማለት ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሞተሯን ግቢ ውስጥ፣ እሷ በምታይበት ቦታ አቁመህ ከላይ ያልኩህን ሥራ። ዝም ብለህ ሥራ። ማስመሪያውን ይዘህ ስትለካ ትይህ። ያች ሞተር እኮ ፍየሎቿ ናቸው፤ በደንብ መያዟን ማየት መብቷ ነው። ለአምስተኛው ፈተና ወንድምህን ወይም ጓደኛህን አስቀምጥ። እሷን አትጥራ። በየሳምንቱ እንዲሁ አድርግ። አንድ ቀን ራሷ መጥታ «እስቲ ልቀመጥ» ካለች እሰየው። ካላለች ደግሞ አክስትህ ዘንድ በመኪና ትሂድ፤ የትራንስፖርቱን አንተ ክፈል። የእናት ፍርሃትም እንደ ሰንሰለቱ ነው፤ ስትወጥረው ይብሳል።

የሰፈር ልጆቹ ቻክ ቻክ ሲል ይስቁብኛል ላልከው… ይሳቁ! እነሱ የሳቁ ለታ ወርደህ ትለካለህ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ በሩብ ዙር ታስተካክላለህ፤ ካላለፈ እየሳቅክ መንገድህን ትሄዳለህ።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!