ሐኪሙ የጠየቀው እኔን ነበር

ባለፈው ክረምት ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በሒሳብ አያያዝ ተመርቋል፤ ንግግሩ ይጎተታል እንጂ ታግሶ ለሰማው ግልጽ ነው። ወጣቱ ሐኪም ግን እሱን ትቶ እኔን፣ “የትኛው ጥርሱ ነው የሚያመው?” ሲል ጠየቀኝ። ቀጥሎም “እንዲህ ዓይነት ሰው አክመን አናውቅም፤ ትልቅ ሆስፒታል ይውሰዱት” አለኝ። ክፋት አላየሁበትም። ያየሁበት ያልተማሩት ነገር ሲገጥም የሚመጣውን ፍርሃት ነው።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና የሮጥኩት ወደ ሰነዱ ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 25 የጤና ባለሙያዎች ለአካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል ጥራት ያለው ሕክምና በታካሚው ፈቃድ እንዲሰጡ ያዛል፤ ለዚህም ሥልጠናን በስም ይጠቅሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከወጣቱ ሐኪም ይልቅ ያስተማሩትን ይመለከታል።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ዘግይተዋል። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶቻቸውን የሚመዝነው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመራቂ የጠየቀው የእነዚህን ታካሚዎች የሕክምና ፍላጎት መገምገም እንዲችል ብቻ ነበር። ገምግሞ ወደ ሌላ መላክም ያስመርቅ ነበር ማለት ነው። በ2019 “ሕክምናውን መምራት” የሚል ተጨመረና ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አንዲት ግስ ምን እንደምትሠራ ሕግ ያነበበ ያውቃል።

“ጤነኛውን ማከም ባልቻልንበት አገር ይህ ቅንጦት ነው” የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዓይነ ስውርን ከመንካት በፊት ምን እንደሚደረግ መንገር ምን ያስወጣል? መስማት ለተሳነው ማስክ ከማጥለቅ በፊት ፊት ለፊት ማስረዳት፣ ታካሚን ከዊልቸር ወደ ሕክምና ወንበር በደህና ማዛወር፣ አፉን ከፍቶ ማቆየት ለሚቸገር ቀጠሮውን ማሳጠርና የአፍ መደገፊያ መጠቀም፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ድድ እንደሚያሳብጥ ማወቅ፤ ይህ ሁሉ አዲስ ማሽን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ተማሪው ገና አስተማሪው አጠገቡ ሳለ እጁን እንዲያፍታታ ነው። በአንድ ሰዓት ሌክቸር ግን አይሆንም።

የእህቴን ልጅ የተቀበለችው ሦስተኛዋ ሐኪም ናት፤ ያውም ከሁለት ወር በኋላ። ወንበሯን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችው እሱን ነው። ጥርሱ ግን ተነቀለ። ቀድሞ ቢመጣ በሙሌት ይተርፍ እንደነበር የነገረችውም ለእሱ ነው።