ስለ ትንሽ ጠመንጃ መድረሻና ስለ ቀበሮ አደን

በግ የሚያረባ ሰው ግልገሉን ቀበሮ ሲወስድበት ወደ ሹም ሄዶ ጠመንጃ ይፈቀድልኝ ብሎ መለመኑ የሚያስገርም አይደለም። ሹሙም ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የሰውዬውን ጠባይ መመርመሩ የተገባ ነው። ዳሩ ግን ስለ መሣሪያው ራሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይልቁንም ጠመንጃው ቀላል፣ ድምፁ ቀጭን፣ ዓረሩም ከአተር ፍሬ የማይበልጥ የሆነ እንደ ሆነ «ይህስ ማንን ይጎዳል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምከራከረው በዚህ ቃል ላይ ነው። ትንሹ ጠመንጃ ሁለት መድረሻ አለው፤ አንዱ ቀበሮን በቅጡ የሚገድልበት ሲሆን እርሱም እጅግ አጭር ነው፤ ሁለተኛው ሰውንና ከብትን የሚያቆስልበት ሲሆን እርሱም እጅግ ረጅም ነው። ፈቃድ የሚሰጥ ሹም እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ካላወቀ የሚፈቅደውን ነገር አያውቅም ማለት ነው።

ትንሽ ጠመንጃ ስል የአፈሙዙ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን፣ ፈረንጆችም በኢንች ቆጥረው «ሃያ ሁለት» የሚሉትን ማለቴ ነው። ጥይቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1887 በአሜሪካ አገር ስቲቨንስ ከተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የወጣ ነው፤ ዋጋው ርካሽ፣ ምቱም ለትከሻ የማይከብድ ስለ ሆነ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ዓረሩ እርሳስ ነው፤ የሚመዝነውም 2.6 ግራም ያህል ነው። እንደ ባሩዱ ዓይነት ከአፈሙዝ ሲወጣ በአንድ ሴኮንድ ከ320 እስከ 380 ሜትር ይሄዳል። አባቶቻችን በዐድዋ የያዙት ውጅግራ ዓረሩ 25 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከዚያ ጋራ ሲነጻጸር የትንሹ ጠመንጃ ዓረር አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ስለ ጠመንጃ ያለንን ግምት ከውጅግራና ከምንሽር የወረስን እንደ መሆናችን መጠን፣ የዚህን ትንሽ መሣሪያ ጉልበት በእነዚያ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው።

ቀበሮን በጠመንጃ መግደል የቆየ ልማድ ሆኖ ነገሩም በብዙ ተመርምሮ የተጻፈው በእንግሊዝ አገር ስለ ሆነ፣ ልኩን ከዚያ መውሰድ ይሻላል። የእንግሊዝ ቀበሮ ክብደቱ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። ልቡና ሳንባው ያሉበት ቦታ ከጎን ሲታይ ከአንድ መዳፍ እምብዛም አይሰፋም፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢባል ነው። ተኳሹ ከዚህ መዳፍ ውጭ ከመታ አቆሰለ እንጂ አልገደለም። እንግዲህ የጠመንጃው ማነጣጠሪያ በ50 ሜትር ላይ የተስተካከለ እንደ ሆነ፣ በ100 ሜትር ላይ ዓረሩ ከታለመለት ቦታ አንድ ስንዝር ለማይሞላ ርቀት ዝቅ ይላል፤ በ150 ሜትር ላይ ከግማሽ ሜትር የበለጠ ዝቅ ይላል። ከጎን መጠነኛ ነፋስ ቢነፍስ በ100 ሜትር ላይ ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል። በዚያ ላይ ጉልበቱ በመንገድ እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ በልብ ላይ ያነጣጠረው ሰው ሆድን ወይም እግርን ይመታል፤ ነፋሱን ያልቆጠረውም ጭራሽ ይስታል።

የእንግሊዝ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ስለ ጦር መሣሪያ ፈቃድ ለፖሊሶች ባወጣው መመሪያ፣ ይህ ጥይት ለቀበሮ በአብዛኛው ጊዜ ጉልበቱ የማይበቃ መሆኑን ገልጦ፣ በቅርብ ርቀት ግን በለመደ ሰው እጅ ሊያገለግል እንደሚችል ይናገራል። በቅርብ ማለት ስንት ነው ተብሎ ብጠየቅ እኔ 50 ሜትር እላለሁ፤ ነፋስ በሌለበት፣ አውሬው በቆመበት፣ ተኳሹም ተንበርክኮ ወይም ተደግፎ ሲተኩስ 60 ሜትር ቢሆን አልጣላም። ከዚያ የሚያልፈውን ግን አልቀበልም። ጥሩ እረኛ በወንጭፍ ድንጋይ የሚሰድበት ርቀት ከዚህ የሚበልጥ መሆኑን ሳስብ፣ ስንቱ ሰው ስለ ጠመንጃው ብሎ ራሱን እንደሚያታልል ይገርመኛል። በጠመንጃው ላይ መነጽር መግጠምም ነገሩን አይለውጠውም፤ መነጽር ዓይንን ያቀርባል እንጂ ለዓረሩ ጉልበት አይጨምርለትም። እንዲያውም ሩቁን ቅርብ እያስመሰለ ሰውን ያደፋፍረዋል።

የቆሰለ ቀበሮ ወዲያው አይወድቅም፤ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ከቀን በኋላ ይሞታል፣ ወይም እግሩ ተሰብሮ ይኖራል። ይህ በእንስሳ ላይ የሚደረግ ጭካኔ መሆኑ ሳይቀር፣ አይጥ ማሳደድ ያቃተው አውሬ ቀላል ምግብ ፍለጋ ወደ ጉረኖ ቢመጣ የሚደንቅ አይሆንም።

ከዚህ የሚበረቱ ሌሎች ትናንሽ ጠመንጃዎች እንዳሉ አውቃለሁ። በ1959 በፈረንጅ አቆጣጠር ዊንቸስተር ያወጣው «ሃያ ሁለት ማግነም» እስከ 100 ሜትር ያህል ቀበሮን ይገድላል። በ2002 የወጣው «አሥራ ሰባት» የሚባለው ደግሞ ከእርሱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ዓረሩ ከአንድ ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ይጫወትበታል። ከእነዚህ በላይ ያሉት፣ «ሆርኔት» የሚባለውና ሌሎቹ፣ እስከ 150 ሜትርና ከዚያም በላይ ያገለግላሉ፤ ይሁን እንጂ ስለ ጠባቸው «ትንሽ» ይባሉ እንጂ ጉልበታቸው የትንሽ አይደለም፤ በፈቃድ ወረቀት ላይም ከሃያ ሁለቱ ጋራ በአንድ ቃል መጠራት አይገባቸውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መድረሻ ልመለስ። በ60 ሜትር ላይ ቀበሮን በቅጡ ለመግደል የሚያስቸግረው ዓረር፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ከተቃና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በጥይቱ ካርቶን ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል አደገኛ ነው ብለው የሚጽፉ አሉ። በዚያ ርቀት ያለ ሰው የተኩሱን ድምፅ ልብ ላይል ይችላል፤ ዓረሩ ግን ዓይንን ለማጥፋት ይበቃል። ደግሞም ለስላሳ እርሳስ ሆኖ ፍጥነቱ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ድንጋይ ወይም ውኃ ወይም የደረቀ መሬት ሲነካ ሳይሰባበር እየነጠረ አቅጣጫውን ይለውጣል። የደጋችን መሬት ድንጋያማ መሆኑን ማንም ያውቃል። ቀበሮ የሚወጣውም በማለዳና በማታ ነው፤ ይህ ሰዓት እረኛ ከብት የሚያሰማራበት፣ ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት፣ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ የሚሄድበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከአውሬው ኋላ የአፈር ቁልቁለት ወይም ጉብታ ሳይኖር፣ ሰማይ ብቻ እየታየ በኮረብታ ጫፍ ላይ ወዳለ ቀበሮ መተኮስ ከቶ ሊፈቀድ አይገባም። በሌሊት በመብራት ሲታደንም የሚታየው የዓይን ብልጭታ ብቻ ነው፤ የበግም፣ የውሻም፣ የጥጃም ዓይን ያበራል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ እንግሊዝ ቀበሮ ነው፤ የእኛ አገር ነገር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በአማርኛ ቀበሮ የሚለው ስም አንድ አውሬን ብቻ አያመለክትም። በቆላ የሚኖረው ጆሮ ትልቁ ቀበሮ አብዛኛው ምግቡ ምስጥ ነው። በብዙ አገር በግ የሚጠረጠርበት፣ ጀርባው ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። በደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራራ ላይ ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተበታትነዋል። በባሌ በተደረገው ምርመራ ከሚበላው ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኝቷል። አልፎ አልፎ ግልገል መውሰዱን አልክድም፤ ነገር ግን ገብስን ከሚያጠፋው አይጥ በቀን ስንቱን እንደሚያነሣ የሚያሰላ ገበሬ ከጠላትነት ይልቅ ወዳጅነቱን ሳያይ አይቀርም።

ስለ ርቀት የጻፍሁት እዚህ ላይ ጥቅሙ በእጥፍ ይሆናል። በ50 ሜትር ላይ ቀይ ቀበሮን ከሌላው መለየት አያስቸግርም፤ ጠጕሩ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሾጣጣ፣ የጅራቱም ጫፍ ጥቁር ነው፤ በቀንም ብቻውን በጓሳው ውስጥ አይጥ ሲያደባ ይታያል። በ150 ሜትር ላይ ግን በማለዳ ጭጋግ ሁሉም ቀበሮ አንድ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ማሳጠር አደኑን ንጹሕ ከማድረጉም በላይ፣ የሚሞተው የትኛው አውሬ መሆኑን ያሳውቃል። 500 በማይሞላ ዘር ላይ የአንዲት እናት መሞት ምን እንደሚያጎድል የሚያውቅ ሹም ይህን ቀላል ነገር አይለውም፤ የውሻ እብደት በሽታ በ1990ዎቹና ከዚያም ወዲህ በባሌ ደጋግሞ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷልና፣ ጥይት ሊጨመርበት የሚችል ትርፍ የለም።

በሕግ በኩል የሚደባለቅ አንድ ነገር አለ። የጦር መሣሪያ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ነው፤ የዱር እንስሳ ጉዳይ ግን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚታይ ነው። አንዱን ያገኘ ሰው ሁለተኛውን አገኘ ማለት አይደለም። ባለ ጠመንጃው «ፈቃድ አለኝ» ባለ ጊዜ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ መጠየቅ የወረዳው ሹም ፋንታ ነው።

ሁለቱም ፈቃድ በሚገባ ተሟልቶ በሚገኝበት ቦታ እንኳን፣ እኔ ብጠየቅ አንድ ነገር እንዲጨመር እመክራለሁ። ሰውዬው ጠመንጃውን ይዞ ይምጣ፤ ከኋላው የአፈር ጉብታ ባለበት ስፍራ 50 ሜትር ይለካለት፤ የመዳፍ ስፋት ያለው ጣውላ ይተከልለት፤ አምስት ጥይትም ይተኩስ። አምስቱን ካገባ ያ ርቀት በሜትርና በእርምጃ ተቆጥሮ በፈቃዱ ላይ ይጻፍለት። ካልሆነለት ግን ለጥይት የሚያወጣውን ገንዘብ የጉረኖውን አጥር ለማጠንከርና ጥሩ ውሻ ለመያዝ ያውለው፤ ውሻውንም የእብደት መከላከያ ክትባት ያስከትበው።