የዝናብ ትንበያው እስከ ማሳው ይድረስ

በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ያወጣል። በዚህ አካባቢ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ በዚያ መደበኛ፣ በዚያኛው ከመደበኛ በታች ይሆናል ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን የዋግ ኽምራ ገበሬ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ዝናቡ መቼ ይገባል? መሐል ላይ ስንት ቀን ይቋረጣል? መቼስ ይወጣል?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋግ አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይወርዳል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ማሽላው ፍሬ ሳይሞላ ሰማዩ ይጠራል። ስለዚህ ያው አንዱ ማሳ በነሐሴ ውሃ ይተርፈዋል፣ በመስከረም ይጠማል። የክረምቱ ዝናብ በድምሩ ሲታይ "መደበኛ" ሊባል ይችላል። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ ማሽላው ግን ደርቋል። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም ተመርቆ ብዙ ውሃ አቁሯል። ከዋግ ተረተር የወረደው ውሃ ግን ተመልሶ ዳገት አይወጣም።

ታዲያ ትንበያው አይረባም ማለት ነው? አይደለም! በ2007 ዓ.ም ክረምት የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ ሞቀ። ይህ ኤል ኒኞ የሚባለው ነው። ኤል ኒኞ ሲመጣ በሰሜኑ ደጋ የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳል። ያን ጊዜም ሳሳ፤ በ2008 ዓ.ም በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ዋግም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በ1977 ዓ.ም የሆነውንማ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ወሬው አስቀድሞ የደረሰው ገበሬ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመርጣል፣ ፍየሉንም ሳይከሳ ይሸጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

"ዝናብ የእግዜር ነው፤ ሰው ምን ያውቃል?" የሚሉ አሉ። ዝናብን የሚያመጣ ሰው የለም። ትንበያም ሟርት አይደለም፣ የዕድል ሂሳብ ነው። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከመቶ 45 ነው ቢባል፣ ቀሪው 55 መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ገበሬው ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀንና በአንድ ዓይነት አይዝራ፤ ይከፋፍለው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ይደረግ እንላለን።

አንደኛ፣ ትንበያው ለደጋውና ለቆላው ተለይቶ ይነገር። የሰቆጣ ደጋና የአበርገሌ ቆላ አንድ ዝናብ የላቸውም። በአማርኛም በኽምጣና ቋንቋም ይነገር። ያልገባ ወሬ ካልተነገረ አይሻልም።

ሁለተኛ፣ በየቀበሌው አንድ የዝናብ መለኪያ ይተከል። ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የዘነበውን አንብቦ በደብተር ይጻፍ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህን ማንበብ ለተማረ ገበሬ ቀላል ነው። ደብተሩ ዓመት በዓመት ሲከማች ዝናቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ለትንበያ ሠሪውም ያስተምረዋል።

ሦስተኛ፣ የሐምሌና የነሐሴ ትርፍ ለመስከረም ይቀመጥ። እርከን ይሠራ፣ ቦዩ እየታሰረ ውሃው ማሳ ውስጥ ይቅር፣ ጉድጓድ ይቆፈር።

ትንበያ ከራዲዮ አፍ ወጥቶ ማሳ ካልደረሰ ወሬ ነው። ማሳ ሲደርስ ግን እህል ይሆናል።