ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን በገለምሶ ከተማ፣ በየሻይ ቤቱም ሆነ በጫት ተራው፣ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ «የእገሌ ልጅ የት ሊገባ ነው?» የሚል። ወዲያውም ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ሌላ ምን ይፈለጋል» ሲል፣ ሌላው «ገንዘቡ ካለ የግል ይሻላል፤ ልጅ ከዐይን አይርቅም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ለልጁ ደግ አሳቢዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን የትምህርት ቤቱን ባለቤት ማንነት ከማወቅ በፊት መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ ሊገባበት ያሰበው የትምህርት ክፍል ከተቀበላቸው ተማሪዎች ስንቱን በሚገባ አስተምሮ ያስወጣል የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው በገለምሶ ብዙ አይገኝም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም።

በመጀመሪያ ልጁ ያለፈበትን በር እናስብ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ገብተው ሲፈተኑ፣ ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ከቀሩትም ከፊሎቹ በማካካሻ ትምህርት፣ ማለት በሪሚዲያል፣ በኩል ዕድላቸውን ይሞክራሉ። እንዲህ ያለውን ጠባብ በር ያለፈ ልጅ አራትና አምስት ዓመት የሚያሳልፍበትን ቦታ በጎረቤት ወሬና በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ መምረጡ የሚያሳዝን ነው። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን ዳብሶ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው።

ለመመዘን የሚረዳ መሣሪያ ግን ዛሬ በእጃችን አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በመላው አገሪቱ የመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 77,981 ተማሪዎች ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ ይኸውም 62.36 ከመቶ ነው። ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ናቸው፤ ይኸውም 17.2 ከመቶ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ተማሪ እንደገና መፈተን ይፈቀድለታል እንጂ ዲግሪ አይሰጠውም።

የመንግሥት ትምህርት ደጋፊዎች ይህን ቍጥር ይዘው ነገሩ ያለቀ አድርገው ይናገራሉ። እኔ ግን አላለቀም እላለሁ። አንደኛ፣ ብልጫ ያለው ነጥብ ያገኙትን ተማሪዎች በብዛት የሚወስዱት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ምርጥ ዘር የተዘራበት ማሳና ትራፊ ዘር የተዘራበት ማሳ ምርታቸው ቢለያይ ምስጋናው ሁሉ ለገበሬው ብቻ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ በመንግሥት ግቢ ከተማሩትም ከመቶው ከ37 የሚበልጡት ወድቀዋል። በሕዝብ ገንዘብ ቀለብና መኝታ ተሰጥቶን፣ ቤተ መጻሕፍትና መምህር ተመድቦልን፣ ከመቶ 37 ሰው መውደቁ በሌላው ላይ ጣት የሚያስቀስር አይደለም። ሦስተኛ፣ ይህ ቍጥር የሁሉም ድምር ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አጥር ውስጥ አንዱ የትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን ሁሉ ሲያሳልፍ ጎረቤቱ ግማሹን ሊጥል ይችላል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያይም።

የግል ትምህርት ደጋፊዎችም የሚሉት አላቸው። ያለፉት 12,422 ተማሪዎች የሆነ ሰው በሚገባ ያስተማራቸው ናቸውና ግል የሆነ ሁሉ ነጋዴ ነው ማለት ግፍ ነው። በዚያው ፈተና የወደቁት ግን ወደ 60 ሺሕ ይጠጋሉ። እነዚህ ሰዎች ወይም ወላጆቻቸው በየወሩና በየሴሚስተሩ ሲከፍሉ ኖረው፣ በመጨረሻው ቀን ባዶ እጃቸውን የቀሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የእኛ አገር የጫት ገበሬ ልጅ ቢሆን፣ አባቱ የሸጠው የጫት እስር ስንት እንደ ሆነ አንባቢ ያስላው።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ «የመንግሥት ነጻ ነው» የሚለውን አባባል ማረም ያስፈልጋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ዋጋ፣ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቈረጠ ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ብድር ነው፤ ብድሩ ግን ደመወዝ እስኪገኝ ይታገሣል። ለተማሪ የሚመደበው የቀን ቀለብም በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ ፈተና መምረጥ፣ ከፋይ ተማሪም መቀበል ጀምሯል። በመንግሥትና በግል መካከል የነበረው ድንበር እንዲህ እየሳሳ ነው።

የግል ኮሌጅ ክፍያ ግን አይታገሥም። የገለምሶ ቤተሰብ ገቢው ከቡናና ከጫት ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ የጫት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የኮሌጁ የክፍያ ቀን ግን ዝንፍ አይልም። በዚህም ላይ ልጁ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ከሄደ የቤት ኪራይና ምግብ ይጨመራል። እንግዲህ የሚታሰበው የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ሳይሆን የአራት ዓመቱ ሁሉ ነው። ይሁን እንጂ ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር፣ ወይም ሚኒስቴሩ ከመደበለት የተለየ ሙያ ለሚፈልግ ሰው የግል ትምህርት ቤት ሌላው ያልከፈተለትን በር ይከፍትለታል። ይህ መካድ የለበትም።

ከገንዘቡ የሚከብደው የርቀት ነገር ነው። የመንግሥት ምደባ ልጅን ከሐረርጌ አንሥቶ መቱ ወይም ጎንደር ሊያደርሰው ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ግቢዎች ብጥብጥ ተነሥቶ ተማሪዎች ሲገደሉ ያየ ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህን ፍርሃት ዕዳ በብዛት የምትከፍለው ሴት ልጅ ናት። ወንዱ «ይሂድ፣ ይልመድ» ሲባል፣ እርሷ የተሻለ ነጥብ ይዛ ሳለ በቅርብ ባለ ኮሌጅ የተገኘውን ትምህርት እንድትማር ይደረጋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይፈጸማል። ወላጅ ቅርብ ቦታ ከፈለገ፣ ጭሮ ላይ ስሙን ከኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ቦታ የወሰደው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በእርሻ ኮሌጅነት የጀመረው ሐረማያም፣ ድሬዳዋም አሉ። እነዚህን በምርጫው ቅጽ ላይ አስቀድሞ መሙላት ይቻላል። ልጅቱ ራቅ ያለ ቦታ ቢደርሳትም፣ ቤተሰቡ «ይቅርብሽ» ከማለቱ በፊት በቅርቡ ያለው ኮሌጅ በዚያ ሙያ ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ ይጠይቅ።

ወደ ግል የሚሄድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጥብቅ ነገርም አለ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው የዕውቅና ፈቃድ በትምህርት መስክ፣ በደረጃና በካምፓስ የተለየ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው፣ በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ነርሲንግ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። «ፈቃድ አለን» የሚል ቃል አይበቃም፤ «ለዚህ ትምህርት፣ በዚህ ሕንፃ፣ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት?» ተብሎ ወረቀቱ መታየት አለበት። ያለ ዕውቅና የተገኘ ዲግሪ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዚያን ጊዜ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወረዱ ያስተምሩ ነበር። እኔ የምጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን በየትምህርት ክፍሉ ስንት ተማሪ ለመውጫ ፈተና ቀርቦ ስንቱ እንዳለፈ ከግቢያችን አስተዳደር ጠይቆ በአንድ ገጽ ያትም። ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከመቻራና ከሂርና የመጣን ተማሪዎች ደግሞ ለዕረፍት ስንሄድ ያንን ገጽ ለየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እናድርስ፤ በየከተማው ያሉትንም የግል ኮሌጆች ይህንኑ ቍጥር እንጠይቅ። የሚሰጠውን ስሙን እናመስግን፤ የማይሰጠውን አለመስጠቱን ለወላጆች እንንገር።

ይህ ጥያቄ መምህራኖቻችንን ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ደካማ የሆነው ክፍል የራሳችን ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም ዲፕሎማችንን ይዘን ከወጣን በኋላ ቀጣሪ ከሚነግረን፣ ዛሬ እርስ በርሳችን ብንነጋገር ይሻላል። የገለምሶ አባት የሚልከው ልጅና የሚሸጠው ጫት አንድ ዓይነት ዋጋ የላቸውም። ልጁን ለማን እንደሚያስረክብ የማወቅ መብት አለው።

አንድ የገለምሶ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ