የሚጥል በሽታ መድኃኒት በረመዳን አይቋረጥ

በረመዳን የቤተሰብ ውሎና አዳር ይለወጣል። ከተራዊሕ በኋላ አምሽቶ ይተኛል፤ ለሱሑር ሌሊት ይነሳል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ግን እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለል ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ናቸው።

በሽታው የአንጎል ሕመም ነው። በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። በአገራችን እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በቡታጅራ አካባቢ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች አምስት ያህሉ እንዳለባቸው አሳይቷል። በወሊድ ጊዜ መታፈንና የጭንቅላት ጉዳት ያመጡታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በብዛት የሚታየው ወባም ወደ አንጎል ከወጣ ይህን በሽታ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም፤ አረፋውም አይጋባም።

ሆኖም ሕመሙን የጂን ሥራ ብቻ አድርጎ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር፣ ሴት ልጁን ከሰው የሚደብቅ ቤተሰብ ዛሬም አለ። በሰሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ይህ ሕመም የሚጥላት አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ችግሯን ነግራቸዋለች። አላራቋትም፤ ብትታገስ ጀነት እንዳላት አበሰሯት፣ ሲጥላት ገላዋ እንዳይገለጥም ዱዓ አደረጉላት። ኋላም ኢብኑ አባስ የጀነት ሴት ብለው አሳይተዋታል። መታከምም የነቢዩ ትምህርት ነው፤ ዱዓና መድኃኒት አይጣሉም።

በተገቢው ሕክምና ከ100 ታማሚዎች እስከ 70 የሚሆኑት ሕመሙ ሊቆምላቸው ይችላል። ፊኖባርቢታል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ማታ አንድ ጊዜ በመሆኑ ከኢፍጣር በኋላ ሊዋጥ ይችላል። በቀን ሁለቴና ከዚያ በላይ የሚወስድ ግን ሰዓቱን በራሱ አይለውጥ፤ ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒትን በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ሐኪም አትጹም ያለውን ሰው ቤተሰብ አይጫነው፤ ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቅዷልና።

ሰው ሲወድቅ ከእሳት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪትም አታሽትቱት። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የኢፍጣር ምግብ ሲሰናዳም ታማሚውን ምድጃ ዳር ብቻውን አትተዉት።

የአሶሳና የአካባቢው ኢማሞች ይህን በጁምዓ ኹጥባቸው ቢያነሱት ብዙ ቤት ይደርሳል። የክልሉ ጤና ቢሮም መድኃኒቱ ከአሶሳ እስከ ካማሺና መተከል ባሉ ጤና ጣቢያዎች እንዳይጠፋ ማድረግ አለበት። ምክር ሰምቶ ጤና ጣቢያ የሄደ ታማሚ ባዶ እጁን ከተመለሰ፣ ዳግም ላይመጣ ይችላል።