ተሸንፎ መሣቅ ያስጠይቃልን?

ባለፈው እትማችን በስፖርት ዓምድ የወጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር በግቢያችን ከጨዋታው ውጤት ይልቅ ብዙ አነጋግራለች። በትምህርት ክፍሎች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ግጥሚያ 4 ለ 1 ከተሸነፈው ቡድን አንድ ተጠባባቂ፣ ሦስተኛው ግብ በተቆጠረበት ሰዓት ከጓደኛው ጋር ሲሣቅ መታየቱን ጽፈን ነበር። ዘጋቢያችንም ጨዋታው እንዳለቀ፣ ልጁ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ደጋፊው በከበበው መካከል፣ «ቡድንህ ሲሸነፍ ምን አሣቀህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ተቆጥቶ ሄደ። እኛም «መልስ ሳይሰጥ ሄደ» ብለን አተምን። ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምድ ላይ አልታየም።

ጥያቄው ከኛ የወጣ፣ የታተመውም በኛ ስለ ሆነ ነገሩን ለስፖርት ዓምድ ብቻ ትተን ልናልፈው አልወደድንም።

ጥያቄው የኛ ግቢ ፈጠራ አይደለም። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የአሪዞና ካርዲናልስ ቡድን በሳንፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ 27 ለ 6 በተሸነፈበት ምሽት፣ ዴሪክ አንደርሰን የተባለው ተጫዋች ቡድኑ በ18 ነጥብ ተበልጦ ሳለ ከሜዳው ዳር ከጓደኛው ከዱስ ሉቱይ ጋር ሲሣቅ የቴሌቪዥን ካሜራ ያዘው። (ይህ እነሱ እግር ኳስ የሚሉት፣ ኳሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚያዝበት ጨዋታ ነው።) ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኛ ስለ ሣቁ ጠየቀው፤ ደጋግሞም ጠየቀው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጨዋታውን ከልቡ እንደሚይዝ ተናገረና ትቶ ወጣ። ዛሬ ያን ጨዋታ የማያስታውስ ሰው ቁጣውን ያስታውሳል።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 15 ቀን፣ የቺካጎ ቤርሱ ጄይ ከትለር በግሪን ቤይ ፓከርስ 21 ለ 14 በተሸነፉበት ጨዋታ ጉልበቱን ታሞ ወጣና ከሜዳው ዳር ሆኖ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ሕመም አልታየም ተብሎ፣ በየቤታቸው በቴሌቪዥን የሚመለከቱ የሌላ ቡድን ተጫዋቾች ሳይቀሩ አሙት። በማግሥቱ በሕክምና ሲመረመር የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ተገኘ። እንግዲህ አንዱ በመሣቁ፣ ሌላው ባለማቃሰቱ ተወቀሰ ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ፊት ይዞ ይቀመጥ?

የኛ አገር ሰው ፊት መመርመርን የሚማረው ከለቅሶ ቤት ነው። ማን አለቀሰ፣ ማን ዓይኑን ብቻ ጠረገ፣ ማን ከድንኳኑ ጥግ ሲያወራ ዋለ፣ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። ነገር ግን ያው ሕዝብ «ጥርስ ባዳ ነው፣ ዘመድ ሲሞት ይስቃል» ብሎ ተርቷል። ሣቅ በሐዘን መካከል ሳይጠሩት እንደሚመጣ፣ መምጣቱም ሐዘኑ ሐሰት ነው ማለት እንዳልሆነ ከተረቱ የበለጠ አስረጂ አያስፈልገንም። የኛን ተጠባባቂ ያሣቀውም ነገር ኋላ ስንጠይቅ ተገኝቷል፤ አጠገቡ የነበረው ልጅ ለመግባት ሲቸኩል ማልያው ጭንቅላቱ ላይ ተጣብቆበት እንደ ዕውር በእጁ ሲዳብስ ነበር። እኛም ብንሆን እንሥቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ተሸናፊን መጠየቅ ከነጭራሹ ነውር ነው የሚሉትን አንቀበልም። ከዚሁ ከጉና ሥር ባለው ሜዳ ሁሉ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ያደግን ብዙ ነን። በገና ጨዋታ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም እየነካካ ሲሳደብ ያመሻል፤ ባላባቱም ቢሆን በዚያ ቀን አይቆጣም፣ ቢቆጣም የሚሰማው የለም። ከኛ ጥያቄ የከረረ ነገር ተነግሮት የሣቀ ስንት አባት አለ! ልዩነቱ ግን ይኸውላችሁ፦ በገና ተሳዳቢው ራሱ የተጫወተ ነው፣ ቅልጥሙን ጥንግ የመታው ነው፤ የሚመጣው ዓመት ተራው ሲደርስ እሱም ይሰደባል። ስድቡም ከማታው ብርድ ጋር አብሮ ያልፋል፤ ተጽፎ በየማደሪያ ክፍሉ በር ላይ አይለጠፍም። ዘጋቢያችን ግን ብዕር እንጂ ገና አልያዘም፤ ማንም መልሶ አይገጥምበትም።

ደግሞም የሚጠየቀው ነገር ይለያል። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት፣ የፋሲል ከነማው ተከላካይ ያሬድ ባየህ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድናችንም በ10 ሰው ተጫውቶ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ስለዚያ ጥፋት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጨዋታውን ለውጦታልና። የተጠባባቂ ሣቅ ግን የትኛውን ኳስ መለሰ፣ የትኛውንስ ግብ አስቆጠረ?

ጊዜም አለው። አንደርሰን ከመቆጣቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን ታሞ አቋረጠ። (ያሸነፈው የኛው ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያም ነበር።) ኃይሌ በዚያው ቀን በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለወጠና እስከ 2007 ዓ.ም. በውድድር ቆየ። ያን ያህል ስንት ድልና ስንት ሽንፈት ያየ ሰው ላቡ ሳይደርቅ የተናገረውን መልሶ ካነሣ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በደጋፊ ተከቦ ምን የረባ መልስ እንዲሰጥ ጠብቀን ነበር?

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ናኦሚ ኦሳካ በፓሪሱ የቴኒስ ውድድር ጋዜጠኞችን አላነጋግርም ብላ 15,000 ዶላር ተቀጥታ፣ ኋላም ውድድሩን ትታ ወጥታለች። እርስዋ በሙያዋ የምትኖር ናት፤ ቃለ መጠይቁም ከውድድሩ ደንብ አንዱ ነበር። የኛ ተጫዋቾች ግን የሚያገኙት ቢኖር አንድ ጠርሙስ ውኃ ነው፤ እሱም አንዳንድ ጊዜ።

የደጋፊውን ቅሬታ አልዘነጋንም። ከጉና በሚወርደው ነፋስ ሁለት ሰዓት ቆሞ፣ ፈተና ትቶ የመጣ ተማሪ፣ ተጠባባቂው ሲሣቅ ቢያይ ቅር ይለዋል፤ «የኔን ያህል እንኳ አልተሰማውም» ማለቱም አይገርምም። ይህን ለአሠልጣኙ ማቅረብ ይቻላል፤ ወንበሩን የሚያዝዘው እሱ ነውና። ተጫዋቹንም ቢሆን ልብሱን ለውጦ ሻይ ከጠጣ በኋላ ለብቻው ብንጠይቀው ነውር አልነበረም፤ ምናልባት የማልያውን ነገር ራሱ እየሣቀ ይነግረን ነበር። እኛ ግን ከ90 ደቂቃ ውስጥ አንዲት ቅጽበት መርጠን፣ ሰው ሰብስበን ጠየቅን፤ ዝምታውንም እንደ ጥፋት ቆጥረን አተምነው። በዚህ ረገድ ተሳስተናል፤ ልጁንም ይቅርታ እንጠይቃለን። መልሱን ሊጽፍልን ቢወድ አንዲት ቃል ሳንቀንስ እናትምለታለን፤ ባይወድም መብቱ ነው።

ዘጋቢያችን በዚህ ርዕሰ አንቀጽ አይስማማም። ያየሁትን ነው የጻፍሁት፣ ሣቁን እኔ አልፈጠርሁትም ይላል፤ እውነትም አልፈጠረውም። የሚመጣው እትም የመጨረሻ ገጽ ለእሱ ተይዟል።